የበያጁ ልጅ ቃሏን የሰጠች ዕለት

በያጁ ለወረቀት ነገር ትዕግሥት የለውም። እሱ የሚያውቀው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ሲግል ይጣበቃል፣ ሲበርድ ይጸናል፣ ምስክርም ማኅተምም አይጠይቅም። ስለዚህ አንዲት ልጁ ባሕር ማዶ ልታገባ ነው ተብሎ የሰነድ ጣጣ ሲጀመር፣ «ሁለት ሰዎች ተዋደዱ፣ እኛም እሺ አልን። ከዚህ በላይ ምን ቀረ?» እያለ ቤቱን አስጨነቀ።

የቀረው ግን ቀላል አልነበረም። የልደት ምስክር ወረቀት አለ። አግብታ እንደማታውቅ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሳያስገድዳት በገዛ ፈቃዷ እንደምታገባ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት የምትሰጠው ቃለ መሐላ አለ። የሙሽራው አገር መዘጋጃ ቤት ይህን ሁሉ ተተርጉሞና ማኅተም አርፎበት ካላየ ጋብቻውን አልመዘግብም ብሏል።

ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገብታ፣ ሙያ ተምራ፣ ዛሬ በአንድ የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትቀርጻለች። እጮኛዋም አይሰማም። በልጅነታቸው አንድ ክፍል ተምረዋል፤ ኋላ እሱ ከቤተሰቡ ጋር ተሻግሮ እዚያው አናጢ ሆነ። እናቱ ታማሚ ስለሆኑና በአውሮፕላን መጓዝ ስለማይችሉ ነው ሠርጉ እዚያ የሆነው። ባለፈው ዓመት ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ሻይ ሳይቀርብለት በፊት የቁም ሣጥናቸውን በር አስተካከለ። በያጁ በዚያው ወደደው። «የተንጋደደ በር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ክፉ አይወጣውም» አለ።

በያጁና ልጁ የሚግባቡበት የራሳቸው ምልክት አላቸው። ብየዳ ቤት ውስጥ ብረት መቁረጫው ሲያጓራ ጆሮ ያለውም አይሰማም፤ ሠራተኛው በእጁ ነው የሚነጋገረው። እሱ ያንኑ ይዞ ቤቱ ገባ። እጅ ወደ አፍ ከሄደ ብዪ ነው። መዳፍ ጉንጭ ላይ ካረፈ ተኚ ነው። አውራ ጣት ከተነሳ ጎሽ ነው። በዚህ ብቻ አሳድጓታል፤ ተሳስቀውበታል፣ ተኮራርፈውበታል፣ ታመው ተጠያይቀውበታል። ሚስቱ ትምህርት ቤቷ ድረስ እየሄደች ከመምህራኑ ጥቂት ለቃቅማ ነበር። እሱ ግን «እኔና ልጄ ለመግባባት ሌላ ምላስ አያስፈልገንም» ይል ነበር፤ ከልቡም ያምነው ነበር።

መጀመሪያ የሄዱ ዕለት ሦስት ነበሩ፤ ልጅቱ፣ እሱና ታላቅ እህቱ። አግብታ እንደማታውቅ የሚመሰክሩት ሁለቱ ናቸው። እህቱን ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ይላታል፤ ባትሪዋ አያልቅም። ወረፋ ላይ ተቀምጠው ሳለ ለማታውቀው ሰው ሁሉ የመጡበትን ጉዳይ ዘረገፈችው። «ድሮ አፍ ያለው ያግባሽ ይባል ነበር» አለች አጠገቧ ላሉት ሴትዮ፣ «የኛዋ ግን እጅ ያለው ያግባኝ ብላ አረፈችው።»

ተራቸው ደረሰና ገቡ። ሰነድ አረጋጋጯ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፊቷ በቀላሉ የማይፈታ ሴት ናት። ቃለ መሐላውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አራት አንቀጽ ነው። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «ባለጉዳይዋ ተረድታዋለች?» አለች።

«አሁን አስረዳታለሁ» አለ በያጁ። ወደ ልጁ ዞሮ ጣቱ ላይ ቀለበት እንደሚያጠልቅ ሆነ፣ ወደ ወረቀቱ ጠቆመ፣ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ። ልጁ ፈገግ ብላ አውራ ጣቷን አነሳች። «ይኸው፣ ተረድታለች» አለ።

ሰነድ አረጋጋጯ መነጽሯን አወለቀች። «አባት፣ እኔ ያነበብኩት አራት አንቀጽ ነው። እርስዎ የነገሯት አንድ ቀለበት ነው።»

«የነገሩ ፍሬ እኮ እሱ ነው፣ ልጄ።»

«ይሆናል። እኔ ግን የማረጋግጠው ፍሬውን ብቻ አይደለም። ባለጉዳይ የምትፈርምበትን ቃል በራሷ ቋንቋ አንድም ሳይቀር ማወቅ አለባት። የሥጋ ዘመድ ደግሞ አያስተረጉምም። ፈቃድ ያለው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ።»

በያጁ ደሙ ፈላ። «ከአባቷ በላይ የሚያውቃት ማን ሊመጣ ነው?» እያለ ደረጃውን ወረደ። እህቱ ከኋላው «ሕግ ነው እኮ፣ ወንድሜ» ትለዋለች፤ እሱ «ሕግ ልጄን የት ያውቃታል?» ይላታል። ልጅቱ ከሁለቱም ቀድማ እየወረደች ስልኳ ላይ ትጽፋለች። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሳይደርሱ አስተርጓሚ አግኝታ ቀጠሮ ይዛለች።

አስተርጓሚው ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የወፈረ ሰው ሆኖ ተገኘ። እናትና አባቱ መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ አፉን የፈታው በእጁ ነው። ሰነድ አረጋጋጯ በዚያ ቀን ከአዳራሹ ጫጫታ ለይታ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባቻቸው። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ውሃ የጠማው የተክል ማሰሮ አለ። አስተርጓሚው ሳይቀመጥ መስኮቱን አየና ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳበ። «ብርሃን ከኋላዬ ከሆነ እጄ ይጠቁርባታል» አለ። ከዚያ ከሰነድ አረጋጋጯ አጠገብ፣ ልጅቱ ሁለቱንም ባንድ ዓይን በምታይበት ቦታ ተቀመጠ። በያጁ ይህን ሲያይ ንዴቱ ትንሽ በረደለት። ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ጥያቄው ከማንነት ጀመረ። ልጅቱ እጇን አንቀሳቀሰች፤ ያ የወፈረ ድምፅም፣ «እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ» አለ።

በያጁ ደነገጠ። እህቱ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

«እኔ ስል እሷ ናት» አለ አስተርጓሚው፣ የለመደው ነገር ስለሆነ ሳይከፋው። «እኔን እዚህ ክፍል ውስጥ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ።»

«ሥራሽ ምንድነው?» አለች ሰነድ አረጋጋጯ።

«ጥርስ እሠራለሁ። አሁን በዚህ ክፍል ውስጥ ካሉት ጥርሶች ሁለቱ የኔ ሥራ ናቸው። የማን አፍ ውስጥ እንዳሉ ግን የሙያ ምስጢር ነው።»

እህቱ አፏን ግጥም አደረገች። ሰነድ አረጋጋጯ እስክሪብቶዋን እንደያዘች አንድ ጊዜ ሳለች፤ ሳል ግን አልነበረም፣ ሳቅ ነው። በያጁ ልጁን አያት። ልጁ ቀልደኛ መሆኗን ያውቃል፤ ቤት ውስጥ የጎረቤቱን አረማመድ ስታስመስል እንባው እስኪመጣ ስቋል። ነገር እንዲህ ቀምማ፣ አሹላ፣ በቦታዋ ስታስቀምጥ ግን አይቶ አያውቅም። ሁለት እጇ እንደ ሁለት ሠራተኛ ይቀባበላል። አንዱ ያነሳውን ሌላው ያስቀምጣል፤ ፊቷ ደግሞ ለብቻው ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ቅንድቧ ይጠይቃል፣ ጉንጯ ያሾፋል፣ ትከሻዋ «ምን አገባኝ» ይላል። አስተርጓሚው ሊደርስባት ከኋላ ከኋላ ይሯሯጣል።

«ቀኝ እጅሽን አንሥተሽ ማይ» አለች ሰነድ አረጋጋጯ።

ልጅቱ እጇን አነሳች። አነሳችና መልሳ አወረደችው። «ይቅርታ፤ ቀኝ እጄን ካነሳሁ በምን ልማል? አፍሽን ይዘሽ ተናገሪ እንደማለት እኮ ነው።»

ሰነድ አረጋጋጯ በሥራ ዘመኗ ስንቱን አስምላለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ያጋጠማት አይመስልም። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው መጀመሪያ አንሺ፤ ሕጉ ይየው። ከዚያ አውርጂና በሁለቱም ማይ» አለች። ልጅቱም እንደዚያ አደረገች። የማለችው ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል አየር ላይ እያስቀመጠች ነበር። በያጁ የሰዎችን መሐላ ብዙ ሰምቷል፤ በየገበያው «እውነቴን ነው»፣ «ልጄን ይንሳኝ» ሲባል ከርሟል። መሐላ ዓይኑ እያየ ቅርጽ ሲይዝ ግን ያን ቀን ገና ማየቱ ነው። ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ።

አራቱ አንቀጽ አንድ በአንድ ተነበበ፣ አንድ በአንድም ወደ እጅ ተለወጠ። በመጨረሻ ሰነድ አረጋጋጯ፣ «‹ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ፈቃዴ› ይላል። ይህን እንዴት እንደተረዳሽው በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አለች። ስትጠይቅ አንዲት «አዎ፣ ገብቶኛል» እንደምትበቃት ከድምጿ ያስታውቃል።

ልጅቱ ግን ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች።

«ሐኪም ቤት ስሄድ» አለች በአስተርጓሚው ድምፅ፣ «የት ነው የሚያማት ብለው አጠገቤ ያለውን ሰው ይጠይቃሉ። ሱቅ ስገባ ምን ትፈልጋለች ይላሉ። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ስለሚቸኩሉ ነው። እኔን ራሴን ጠይቆ፣ ጨርሼ እስክመልስ ቁጭ ብሎ የጠበቀኝ ቢሮ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ባጭሩ አልመልስም፤ ታገሡኝ።

«በገዛ ፈቃዴ ማለት እንዲህ ነው። ይህን ሰው የመረጥኩት እንደኔ ስለማይሰማ አይደለም። የማይሰሙ ወንዶች ሞልተዋል፤ ብዙዎቹ ነገራቸው ይሰለቻል። የመረጥኩት ስጣላው ነው። ቤታችን ስናደድ በር እደበድባለሁ፣ እቃ እወረውራለሁ፤ አባቴ ይመጣና ራሴን ይዳብሰኛል፣ እናቴ ሻይ ታፈላለች። የተናደድኩበት ነገር ግን ሆዴ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ከሱ ጋር በስልክ ተያይተን ስንጣላ ግን ነገሬን እስከ ጥጉ አወጣዋለሁ። እሱም የራሱን ያወጣል። አንድ ቀን በሁለታችንም በኩል የሚባል ጠፍቶ ዝም ብለን ተያየን። ሆዴ ባዶ ሆኖ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። እና ያን ጊዜ ወሰንኩ። ማንም አላስገደደኝም። እናቴና አባቴ እንድቀርላቸው ይፈልጋሉ፤ አውቃለሁ። እኔም ሻንጣዬን ሳስብ መሄዱ ይከብደኛል። እየከበደኝም ቢሆን ፈቅጃለሁ። ፈቃድ ማለት እኔ የገባኝ እንደዚህ ነው።»

አስተርጓሚው ጨርሶ ግንባሩን ጠረገ። «ሬዲዮ» እንኳ ተዘግታለች።

በያጁ ጉልበቱ ላይ ያረፉትን የራሱን እጆች አያቸው። ጠባሳቸው የበዛ፣ ብረትን እንደ ሊጥ የሚያዝዙ እጆች ናቸው፤ ኩራቱም እነሱ ናቸው። ከፊቱ ያሉት ቀጫጭን እጆች ግን የሠሩትን አሁን ዓይኑ አይቷል፤ ከምንም ተነስተው፣ ያለ እሳት ያለ መዶሻ፣ አንድ ሙሉ ሰው አቆሙ። ልጁ ይህን ሁሉ ይዛ ነበር እንግዲህ በየቀኑ ገበታ ላይ ከጎኑ የምትቀመጠው? ከአንድ ወንዝ አጠገብ ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ፣ በብርጭቆ የሚቀዳውን ብቻ ወንዝ ሲል የኖረ ሰው መሰለው። ማፈር አልነበረም የተሰማው፤ ለማፈር ጊዜም አላገኘ። ልቡ ብቻ ከመጠኑ በላይ ሰፋበት።

«የአባት ተራ ነው» አለች ሰነድ አረጋጋጯ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስለ ጋብቻ ሁኔታዋ ይመሰክራሉ። ባለጉዳይዋን ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?»

መልሱን ቤቱ ሳለ አዘጋጅቶት ነበር፤ «ከተወለደች ጀምሮ» ነው። ሊለው አፉን ሲከፍት የአስተርጓሚው እጅ ሊነሳ ሲሰናዳ አየ። የሚለው ሁሉ፣ ምንም ሳይቀነስ፣ ልጁ ዘንድ ሊደርስ መሆኑ ያኔ ገባው።

«ከተወለደች ጀምሮ...» አለና ቆመ። «እንዴት ልበልሽ፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት ብትጠይቂኝ ኖሮ አውቃታለሁ ብዬ ደረቴን እነፋልሽ ነበር። አላገባችም፤ በሱ እምላለሁ። ‹ያውቋታል ወይ› ላልሽኝ ግን... እኔ ሳያት ነው የኖርኩት። ማወቅ ሌላ ሳይሆን አይቀርም።»

ልጅቱ የአስተርጓሚውን እጅ እስከ መጨረሻው ተከታተለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረችና፣ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል፣ መናገር ጀመረች። ድምፁ ከጎን መጣ።

«ያውቀኛል። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ እቆም ነበር። እሱ የእሳቱን ብልጭታ የማይ መስሎት ዓይኔን በመዳፉ ሸፍኖ ያባርረኝ ነበር። እኔ ግን እሳቱን አይደለም የምፈልገው። ጫማዬን አውልቄ ሲሚንቶው ላይ ስቆም፣ በመዶሻ ሲመታ ምቱ በእግሬ ገብቶ እስከ ጥርሴ ይደርሳል። ከሌሎቹ ሠራተኞች ምት የሱን እለየዋለሁ። ሲናደድ ምቱ ይደራረባል። ሲደክመው ይራራቃል። ሥራው ሲያምርለት ትንሽ ቆም ብሎ አንዴ ብቻ፣ ለስለስ አድርጎ ይመታል። ያቺን አንዷን ስጠብቅ ነበር የምቆመው። አባቴን ስሰማው ነው ያደግሁት። እሱም ልቤ ሲከፋ ሳልነግረው ያውቃል፤ ምክንያቱን አያውቅም እንጂ መከፋቴ አምልጦት አያውቅም። ስለዚህ ‹ያውቃታል› ብለው ይጻፉ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በያጁ በብየዳ ቤቱ የሠራባቸው ዓመታት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዞረው መጡበት። ላሜራ ላይ ያወረደው ምት ሁሉ ሰሚ ነበረው። ሥራው ሲያምርለት አንዴ ለስለስ አድርጎ እንደሚመታ እሱ ራሱ አያውቅም ነበር፤ ይህን የነገረችው ደግሞ በቤቱ ውስጥ አትሰማም የተባለችው ልጅ ናት።

ሰነድ አረጋጋጯ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ ጻፈች። «ምስክሩ ባለጉዳይዋን ከልደቷ ጀምሮ ያውቋታል» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። ልጅቱ ፈረመች፣ በያጁ ፈረመ፣ እህቱ ፈረመች። ማኅተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው ድም ብሎ ነዘረ፤ ልጅቱ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ነበርና ፈገግ አለች።

ውጭ ደረጃው ላይ አስተርጓሚው ሊሰናበታቸው ሲል በያጁ ክንዱን ያዘው። «አንዲት ነገር ብቻ ንገርልኝ። ከእንግዲህ ለኔ ብላ አታሳጥር በላት። ባይገባኝም ሙሉውን ትንገረኝ።»

አስተርጓሚው ነገራት። ልጅቱ አባቷን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች። አስተርጓሚው ሊተረጉም አፉን ሲከፍት እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ከለከለችው። ሰውየው ሳቀና ታክሲ ውስጥ ገባ።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ተፈረመ?»

«ተፈርሟል» አለ በያጁና ሶፋው ላይ ተዘረፈጠ። «ስሚማ፣ ይህች ልጅ ትናገራለች እኮ። ምላሷ... እጇ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ጠበቃ ናት።»

«ዛሬ ነው ያወቅከው?» አለች ሚስቱ፤ አባባሏ ግን የማሽሟጠጥ አልነበረም። አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ አጥር ይዤ አይቻታለሁ። ከአሥሩ አንዱን ብይዝ ነው። ቢሆንም ቤት የምመለሰው እግሬ መሬት ሳይነካ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት ላይ ልጅቱ ማሳጠር ተወች። ሙሉ ወሬዋን ታወራለች፤ እናቷ የቻለችውን ትይዛለች፤ በያጁ ማንኪያውን አስቀምጦ ያያል። አንዳንድ ቃል መያዝ ጀመረ። «ጥርስ»ን ያዘ፣ «አናጢ»ን ያዘ፣ «ነገ»ን ያዘ። ሲሳሳት ልጁ ትስቅበታለች። ሲገባው ጠረጴዛውን በጡጫው ይመታል፤ የምግብ ሳህኑም ይዘላል። ሰነዱ ተተርጉሞ፣ ውጭ ጉዳይ ማኅተሙን ጨምሮበት ተላከ፤ የማዶው መዘጋጃ ቤትም አንድ ነጥብ ሳያነሳ ተቀበለው። ልጅቱም ሄደች። የተለያዩት አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ነው።

የሠርጉ ቀን ስልኩን በስኳር ዕቃ አስደግፈው በያጁ፣ ሚስቱና እህቱ ፊቱ ተደረደሩ። አስተርጓሚውን ለምነውት ነበር፤ በዚያ ቀን ፍርድ ቤት ሥራ ስለነበረው አልተመቸውም። ስክሪኑ ላይ ሰፊ አዳራሽ ይታያል። በዚያ አዳራሽ ሰው ሁሉ በእጁ ያወራል። ከጥግ ጥግ ይጠራራሉ፤ መሃል ያለውን ሳይረብሹ በሰው ራስ ላይ ይቀላለዳሉ። አማቻቸው ፊርማውን ሲያኖር መቶ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ እንደ ቅጠል ተርገበገበ፤ የነሱ ጭብጨባ ነው።

ከዚያ ሙሽራይቱ ወደ ስልኩ ቀረበች። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው፤ ትንሽ ራቅ አለችና እጆቿ እንዲታዩ ቦታዋን አስተካከለች። መናገር ጀመረች። አላሳጠረችም። አንዴ ሳቀች፣ አንዴ ዓይኗን ጠረገች፣ አንዴ በሁለት እጇ አንድ ትልቅ ነገር ከመሬት አንሥታ ትከሻዋ ላይ አኖረች። በያጁ ከመሃሉ «አባት»ን ለየ፣ «ቤት»ን ለየ፤ የቀረው እንደ ጎርፍ በፊቱ አለፈ። ሚስቱ ክንዱን ጨምድዳ ይዛለች።

«ምን አለች?» አለች እህቱ፣ መታገሥ አቅቷት።

«ብዙ ነገር» አለ በያጁ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «ብዙ ነገር አለች።»